በመጋቢት የተለካ ወንዝ

ገለቴ ዋቅጅራ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሌሎች ሰዎች የት ላይ መቆም እንዳለባቸው ስትነግር ኖራለች። ቀያሽ ናት። ከፉሪ እስከ ሰበታ ባለው መንገድ ግራና ቀኝ፣ በእርሷ ልኬት ምክንያት አጥሩን ያላስጠጋ ባለይዞታ ጥቂት ነው። መስመር ካሰመረች በኋላ ልመናም ሆነ ምርቃት አያንቀሳቅሳትም። ግንበኛ ከጥግ እስከ ጥግ ወጥሮ እንደሚያስረው ክር ስለማትላላ ሰዎች «ክሯ» የሚል ስም አወጡላት። ስሙን ያወጡት ሊያሟት ቢሆንም እርሷ እንደ ማዕረግ ተቀበለችው። ሰው በክፋቱ ሲታለል የሚነቅፈው አያጣም፤ በበጎ ጠባዩ ሲታለል ግን ሁሉም ያመሰግነዋል፤ ስለዚህ ሳይነቃ ይኖራል።

የተወለደችው ከሰበታ ወጣ ብሎ፣ ለገ ቂልጡ የሚባለው ወንዝ ከሚያልፍበት ሰፈር ነው። አባቷ ጤፍና ሽምብራ የሚዘራ ገበሬ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንደጨረሰች ገብረየስ ለሚባል አዛውንት ቀያሽ ቀይና ነጭ የተቀባውን ዘንግ ይዛ መቆም ጀመረች። ማታ ማታ እየተማረች ዲፕሎማ፣ ከዚያም ዲግሪ ያዘች። ገብረየስ ሁለት ነገር አስተማራት። የመጀመሪያው፣ ልኬት ሦስት ጊዜ ሳይደገም አይጻፍም የሚል ነው፤ ይህ መልካም ነው። ሁለተኛው፣ በክረምት ሜዳ አይወጣም የሚል ነው። የዚያ አገር ጥቁር አፈር ዝናብ ሲጠግብ መኪና ይውጣል። ስለዚህ ቀያሽ ከጥር እስከ ግንቦት ሜዳ ወጥቶ ይለካል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ቢሮ ተቀምጦ ካርታ ያነሣል። ይህን ልማድ ማንም አልጻፈውም፤ ማንም ደግሞ አልጣሰውም። ከዚህ የተነሣ በቢሮው ካርታዎች ላይ ያሉት ወንዞች በሙሉ የበጋ ወንዞች ሆነው ቀሩ። ይህን አስቦ የደነገጠ ግን አልነበረም።

በሐምሌ ሁለተኛ ሳምንት፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ አንድ ፋይል ጠረጴዛዋ ላይ ደረሰ። የላከው ከስድስት ዓመት በፊት በለገ ቂልጡ ዳር ሰፊ ቦታ ያገኘ የግል ዩኒቨርሲቲ ነበር። የመማሪያ ሕንፃዎቹን ከፍታው ላይ ሠርቶ ጨርሷል። አሁን አራት መቶ ሴት ተማሪዎችን የሚያሳድር መኝታ ቤት ወደ ወንዙ ወርዶ ሊሠራ ነው። የመሠረቱ ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ፌሮው ታስሮ አልቋል፤ ኮንክሪት የሚሞላው በሚቀጥለው ሐሙስ ነው። የሚፈለገው የገለቴ ፊርማ ብቻ ነበር፤ ሕንፃው ከወንዙ መራቅ የሚገባውን ያህል ርቋል የሚል ማረጋገጫ።

ደንቡ ግልጽ ነው። በክረምት ውኃው ከሚደርስበት ከፍተኛ ቦታ ጀምሮ እስከ ሠላሳ ሜትር ድረስ ማንም ምንም አይገነባም። የሠላሳ ሜትሩን መስመር ከስድስት ዓመት በፊት በወንዙ በሁለቱም ዳር የቀየሰችው፣ በዩኒቨርሲቲው በኩልም አሥራ ሁለቱን ቀይ ራስ ችካሎች የተከለችው ገለቴ ናት። ንድፉን ዘርግታ አየችው። የሕንፃው የፊት ግድግዳ ልክ መስመሯ ላይ አርፏል፤ አንድ ጣት እንኳ አላለፈም። ለማንም የማትቸረውን ምስጋና በልቧ ለነዳፊው ሰጠችው። ያኔውኑ ትፈርም ነበር፤ ነገር ግን ማኅተም ያዧ ቀድማ ወጥታ ስለነበር ለሰኞ አቆየችው።

ቅዳሜ ጠዋት ለቅሶ ሄደች። አዳዳ ዱርሲቱ የሚሏቸው የአባቷ የሥጋ ዘመድ ባላቸውን ቀብረው ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ቤታቸው ከወንዙ ማዶ፣ ከዩኒቨርሲቲው አጥር ጎን ነው። የተሳፈረችበት ባጃጅ ድልድዩ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«እዚህ ጋ ይውረዱ እናቴ፤ እኔ ዋና አልችልም» አለ ሾፌሩ።

ወረደች፤ አየችም። በመጋቢት ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ የዘለለችው ወንዝ አልነበረም። ቡናማ ውኃ ከድልድዩ ጠርዝ አንድ ክንድ ዝቅ ብሎ ያጓራል፤ ከነሥሩ የተነቀለ ባሕር ዛፍ እያሽከረከረ ይወርዳል። ከማዶ፣ ውኃው ሣሩን አስተኝቶ ከሚልስበት ቦታ አራት እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ፣ አንድ ቀይ ራስ ችካል ቆሟል። ቁጥር ሰባት ነው። ቁጥሩን በእጇ የጻፈችው እርሷ ስለሆነች ከሩቅ ዐወቀችው።

እግሯ ረጥቦ ድንኳኑ ውስጥ ገባች።

«አካም ጅርቱ አዳዳ፤ እግዜር ያጽናዎት።»

«ነጋ፣ ኢንተለ ኮ። አሜን። ልጄ፣ ጫማሽ ውኃ ቋጠረ እኮ።»

«ወንዙ ሞልቷል።»

«ሞልቷል? ገና ምኑ ታይቶ! ነሐሴ ሲገባ ያንቺን እንጨት ተደግፎ ይቆማል።»

«የትኛውን እንጨት?»

«ራሱን ቀይ የቀባሽውን ነዋ። የልጅ ልጆቼ ምንድን ነው ብለው ሲጠይቁኝ ‹ወንዙ ሲደክመው የሚቀመጥበት በርጩማ ነው› አልኳቸው።»

ሐዘንተኞቹ ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ገለቴ አልሳቀችም።

«ስለካ እዚሁ ነበሩ፤ ለምን አልነገሩኝም?»

አሮጊቷ ወደ እርሷ ዞሩ። ሐዘን ያጠቆረው ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፤ የሚያስገርም ነገር እንዳዩ ብቻ ያስታውቃል።

«ማን ጠየቀኝ? በመኪና መጣሽ፤ ያንን ባለ ሦስት እግር መነጽር ተከልሽ። መጋቢት ነበር፤ ወንዙ ቤቱ አልነበረም። ባለቤቱ በሌለበት ለክተሽ ሄድሽ። እኔማ የተማረ ሰው ያውቃል ብዬ ዝም አልኩ። ይኸው ሟቹ አርባ ዓመት ሲያርስ ሞፈሩ አንድ ቀን ከሎው ውስጥ አልገባም። ሰንፎ መሰለሽ? ሣሩ የጥጃ ነው፤ መሬቱ የወንዙ ነው። አባትሽስ አርሶት ያውቃል?»

አባቷ አርሶት አያውቅም። በወንዙ ዳር ያለ ገበሬ ሁሉ ከማሳው ጫፍ እስከ ውኃው ድረስ ሰፊ የሣር መሬት ሳያርስ ይተዋል፤ ከሎ ይሉታል፤ ስፋቱም የክረምቱ ውኃ ስፋት ነው። ገለቴ በልጅነቷ ጥጆች አሰማርታበታለች። በዚያ በመጋቢት ወር ግን ማስታወሻዋ ላይ የጻፈችው ሁለት ቃል ነበር፤ «ባዶ መሬት»። አለማወቅ ቢሆን ኖሮ በቀለለ። የምታውቀውን ነገር፣ ከትምህርት ቤት ስላልመጣ ብቻ፣ እውቀት ነው ብላ አልቆጠረችውም ነበር።

እሑድ መቀመጥ አልቻለችም። ቅዳሴ ቆማ ስብከቱ አልገባትም። ቤቷ ተመልሳ ያጠበችውን ብርጭቆ ደግማ አጠበች፤ ያጣጠፈችውን ልብስ ፈትታ አጣጠፈች። ከመኝታ ቤት እስከ በር አሥራ አንድ እርምጃ መሆኑን ቆጠረች፤ ተመልሳም ቆጠረች። ዘንድሮ ዝናቡ ከልክ ያለፈ ሊሆን ይችላል አለች። ፍርድ ቤት የቀረበ ሰው እንደሚያደርገው ምስክር ፈለገች፤ ገብረየስ እንዲህ አስተምሮኛል፤ ሁሉም እንዲሁ ይለካል፤ ስድስት ዓመት ማንም አልተቃወመም። እያንዳንዱ ምስክር እውነት ተናገረ፤ አንዱም ነጻ አላወጣትም።

ሰኞ ጠዋት የቢሮው ኃላፊ ኦቦ ነገሳ በሩ ላይ ቆሞ ጠየቃት።

«የዩኒቨርሲቲው ፋይል የታለ? ሁለት ጊዜ ደወሉልኝ።»

«አልፈረምኩም ኦቦ ነገሳ። መስመሩ ስሕተት አለበት።»

«የማን ስሕተት?»

«የእኔ።»

ነገሳ ሳቀ፤ በሩንም ዘጋው። «አንቺ ትሳሳቻለሽ? ክሯ? ይኼን ውጭ ላይ ባወራው ማን ያምነኛል!» ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ስሚኝ ገለቴ፤ ይህ ስድስት ዓመት የቆመ መስመር ነው። ማስረጃሽ ምንድን ነው?»

«ቅዳሜ በዓይኔ አይቻለሁ። ነገ ሄጄ እለካለሁ።»

«በሐምሌ? መኪናው አይወጣም። ሹፌሮቹን ታውቂያቸዋለሽ፤ ጭቃ ሲያዩ ይታመማሉ።»

«በታክሲ እሄዳለሁ።»

«ሜትሩን የሚይዝልሽስ?»

ረዳቶቿ በክረምት ሜዳ እንደማይወጡ ታውቃለች። ይህን ደንብ ያስለመደቻቸው እርሷው ነበረች።

ማክሰኞ ጠዋት ሠላሳ ሜትሩን የጨርቅ ሜትር በቦርሳዋ ይዛ ድልድዩ ጋ ወረደች። ዝናቡ ያካፋል። በዙሪያው ክፍት የነበረው አንድ ሱቅ ብቻ ነው፤ የሀሰኖ። ሀሰኖ ሚስማር፣ ሲሚንቶ፣ ላስቲክና ቦቲ ጫማ የሚሸጥ፣ ስድሳ ዓመት ያለፈው ነጋዴ ነው። ሱቁ ከድልድዩ በዚህኛው ዳር፣ ጀርባውን ለወንዙ ሰጥቶ ቆሟል። ከአራት ዓመት በፊት የኋላ ግድግዳው የገለቴን መስመር አርባ ሳንቲ ሜትር አልፎ ስለተገኘ፣ ብሎኬቱን አንድ በአንድ በእጁ እንዲያፈርስ ተደርጓል። አዲሱን ግድግዳ እስከ ዛሬ አልለሰነውም፤ የሚያልፍ ሁሉ እንዲያየው።

«እንዴት አደሩ ጋሽ ሀሰኖ።»

«አልሐምዱሊላህ።» ከመደርደሪያው ጀርባ አንገቱን አወጣ። «ምነው፣ ግድግዳዬ አደገ እንዴ?»

«ሰው ፈልጌ ነው። የሜትሩን ጫፍ የሚይዝልኝ።»

«የማን ቤት ሊፈርስ ነው?»

«የዩኒቨርሲቲው መኝታ ቤት ነው የሚለካው።»

ሀሰኖ ኮፍያውን አነሣ። «ይህማ ከሆነ ሌላ ሰው ምን ያደርጋል! ራቢአ! ሱቁን እዪ፤ እኔ የመንግሥት ሥራ ይዣለሁ።» ሚስቱ ከጓዳ ብቅ አለች፤ ገለቴን ስታይ ሰላምታዋን ዋጠች። ሀሰኖ ከሚሸጠው ላይ አንድ ጥንድ ቦቲ አንሥቶ ለገለቴ ወረወረላት። «አጥልቂ። በዚያ ጫማ ከገባሽ ወንዙ አንቺንም ይለካሻል።»

ድልድዩን ተሻገሩ። ውኃው ከቅዳሜው ትንሽ ሸሽቷል፤ የደረሰበትን ቦታ ግን ጥሎት በሄደው ዝባዝንኬ ምልክት አድርጎበታል፦ ገለባ፣ የውኃ ላስቲክ፣ የአንድ እግር ሸበጥ። ሀሰኖ የሜትሩን ጫፍ ከገለባው ላይ ያዘ፤ ገለቴ እስከ ችካል ቁጥር ሰባት ወጠረችው። ሠላሳ ሜትር መሆን የነበረበት ርቀት አራት ሜትር አልሞላም። ደገመችው። ሠለሰችው።

«ሦስት ጊዜ!» አለ ሀሰኖ። «ለእኔ አርባ ሳንቲም አንዴ ለክተሽ ነው የፈረድሽብኝ።»

«ለእርስዎም ሦስት ጊዜ ነው። ሁለቱን ሲሳደቡ አላዩኝም።»

«እሱስ ልክ ነሽ፤ ተሳድቤአለሁ።»

አሥራ ሁለቱንም ችካሎች ለኩ። ከአንዱም ጋር ያለው ርቀት ስድስት ሜትር አልሞላም። ከዚያ ከገለባው ጀምራ ሠላሳ ሜትሩን ወደ ላይ ሳበችው። ሜትሩ የመሠረቱን ጉድጓድ አቋርጦ፣ ከፌሮው በላይ አልፎ፣ ሕንፃው ከሚቆምበት ቦታ ባሻገር ሣር ላይ አረፈ። አራት መቶ አልጋ የሚዘረጋበት ቦታ አንድ ሳይቀር የወንዙ ነበር። ሀሰኖ በሩቅ ሆኖ ሳቀ፤ ሳቁ ደስ የማይል፣ ብዙ የጠበቀ ሰው ሳቅ ነበር።

«በቃ፤ እንግዲህ እነሱም ብሎኬት መሸከም ይልመዱ! ጨረስን?»

«አልጨረስንም። ይህኛው ዳር ቀርቷል» አለች፤ ወደ ሱቁ እያመለከተች።

መጀመሪያ አልገባውም። ድልድዩ መሀል ሲደርሱ ግን አረማመዱ ተቀየረ። በሱቁ ጀርባ ወርዶ፣ ውኃው ገለባውን የተወበት ቦታ ላይ ቁጢጥ ብሎ የሜትሩን ጫፍ ያዘ። ገለቴ በሱቁና በጎረቤቱ አጥር መካከል ባለችው ጠባብ መንገድ ሜትሩን እየጎተተች ወጣች። የኋላው ግድግዳ አሥራ ስምንት ሜትር ላይ አለፈ። የፊቱ በር ሃያ ሰባት ላይ አለፈ። ሠላሳው አስፋልቱ ዳር አረፈ።

«ስንት ነው?» ሲል ከታች ጮኸ። አይተያዩም።

በዚያች ቅጽበት ሱቁን የምታተርፍ አንዲት ቁጥር ብትጠራ ማንም አያርማትም ነበር። ነገሳ አይመጣም፤ ረዳት የለም፤ ሀሰኖ ማንበብ ከማይችልበት ርቀት ላይ ነው። ደግነት መስሎ የሚመጣ ውሸት ከሁሉ ይልቅ ይጣፍጣል፤ ተናጋሪውንም ሰሚውንም በአንድ ጊዜ ያስደስታልና። ገለቴ አፏን ከፈተች፤ ዘጋችው።

«ከበርዎ አልፏል» አለች።

ሜትሩ ከታች በኩል ጠበቅ ብሎ ተያዘ። 

«ሦስት ጊዜ አይደል የምትለኪው?» አለ ሀሰኖ። «ልኪያ!»

ሦስት ጊዜ ለካች። ጫፉን አላንቀሳቀሰም፤ አላላላም። ሲጨርሱ ወደ ላይ ወጥቶ በሩ ፊት ቆመ፤ እጁ በጭቃ ተለውሷል።

«እንግዲያው ያኔ አርባ ሳንቲሙን ያፈረስኩት በከንቱ ነው።»

«በከንቱ ነው።»

«አሁን ደግሞ የቀረውን ልታፈርሺ ነው።»

«የሚያፈርስ ሌላ ነው ጋሽ ሀሰኖ። እኔ ግን መስመር ልዋሽ አልችልም።»

«ያኔ ቻልሽ እኮ» አለና ገባ።

ረቡዕ ጠዋት ደብዳቤውን ጻፈች። እስከ ዕኩለ ቀን አምስት ጊዜ ቀደደችው። የከበዳት ስሕተቱን ማመን አልነበረም፤ ያንን እሑድ ጨርሳዋለች። ያሳሰባት ደብዳቤው ከእጇ ከወጣ በኋላ የሚሆነው ነው። ቢሮውን ታውቀዋለች። የትልቁ ጉዳይ ወደ ኮሚቴ ይሄዳል፤ የትንሹ ወደ አፍራሽ ቡድን። ስለዚህ ሁለቱን ዳሮች በአንድ ወረቀት ላይ ሣለቻቸው፤ በአንድ ፊርማም አሰረቻቸው። ከሥሩ እንዲህ ስትል ጻፈች፦ «ከስድስት ዓመት በፊት በመጋቢት ወር የለካሁት መስመር በበጋ ውኃ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ በሁለቱም ዳር ስሕተት ነው። ፊርማዬን አንሥቻለሁ። በዚህ መስመር የተሰጠ ፈቃድም ሆነ የተፈጸመ ማፍረስ ትክክል አልነበረም። አዲሱ መስመር በነሐሴ ተለክቶ እስኪጸድቅ ድረስ በአንደኛው ዳር ግንባታ አይፈቀድም፤ በሌላውም ዳር ማፍረስ አይፈጸምም። ከዚህ ጋር የተያያዘው ልኬት ገና የሐምሌ ልኬት መሆኑም ይታወቅ።»

ነገሳ ቆሞ አነበበው። ከዚያ ተቀምጦ አነበበው።

«ጥሩ ነው» አለ። «የዩኒቨርሲቲውን ኮሚቴ ያጥናው። የሱቁን ግን ዛሬውኑ እንጽፋለን፤ ይህኛው ምን ጥናት ያስፈልገዋል!»

«አንድ ወረቀት ነው ኦቦ ነገሳ። አይቆረጥም።»

«ይቆረጣል እንጂ! አንቺ ወረቀት ሲቆረጥ አይተሽ አታውቂም?»

«በእኔ ፊርማ አይቆረጥም።»

ነገሳ ወረቀቱን ገፋ አደረገው። «ገለቴ፣ ለአንቺ ለመንገር አፍሬ ነው። ዋና ቀያሽ ነሽ። ይኼ ደብዳቤ ከወጣ ነገ የምንለካውን ማን ያምናል? ያላስጠጋሽው አጥር የለም፤ ሁሉም ‹የእኔንም በመጋቢት ነው የለካችው› ብሎ ይመጣል።»

«በመጋቢት የለካሁበት ሁሉ ይምጣ።»

«ማኅተም አላደርግበትም።»

«እንግዲያው ያለ ማኅተም ይሂድ» አለችና ወጣች።  ደረጃው ላይ ቆማ የደብዳቤውን ሌላ ቅጂ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ሐሙስ ገና ሁለት ሰዓት ሳይሆን የዩኒቨርሲቲው ግቢ ደረሰች። የኮንክሪት ማደባለቂያው መዞር ጀምሯል፤ አሸዋ የጫኑ መኪኖች ተሰልፈዋል። የዩኒቨርሲቲው መሐንዲስ ኪሩ፣ ሠላሳ ሦስት ዓመት ያህል የሚሆነው ቀጭን ሰው፣ ወረቀቱን ከዝናቡ በሄልሜቱ ከልሎ አነበበው።

«አዴ ገለቴ፣ ይህ ማኅተም የለውም።»

«ፊርማ አለው። እስከ ዛሬ እዚህ የቆፈርከው በማን ፊርማ ነው?»

«በእርስዎ።»

«ያንን ፊርማ አንሥቻለሁ። ከአሁን በኋላ ብትሞላ በራስህ ፊርማ ነው የምትሞላው።»

ኪሩ ወደ ማደባለቂያው አየ። ወደ መኪኖቹ አየ። ስልኩ ጮኸ፤ አላነሣውም። «ቀድመው ቢነግሩኝ ምን ነበረበት! ፌሮው እኮ ታስሮ አልቋል።»

«ቀድሜ መናገር የነበረብኝ ከስድስት ዓመት በፊት ነው። ይልቅ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ከወንዙ በኩል ያለው ጉድጓድ ውኃ ይይዛል?»

ኪሩ ወደ ጉድጓዱ ዞረ። «ሦስት ቀን በፓምፕ ስናወጣ ሰነበትን። ዝናብ ነው ብዬ ነበር።»

«ና እንየው።»

ትናንት አመሻሹ ላይ የደረቀው ጉድጓድ ጉልበት ድረስ ሞልቶ ነበር። ኪሩ ጎንበስ ብሎ አየ። ውኃው ከላይ የወረደ የዝናብ ጎርፍ አልመሰለም፤ በጉድጓዱ የታችኛው ግድግዳ፣ በወንዙ በኩል፣ ከአፈሩ ውስጥ ቀስ እያለ ይመነጫል። የወንዙ ድምፅ ደግሞ ከዚያ ሃያ እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ ነበር።

«ነሐሴ ላይ የት ይደርሳል?»

«አጥሩ ጎን ያሉትን አሮጊት ጠይቃቸው። እኔ አላውቅም፤ ነሐሴ ላይ እዚህ መጥቼ አላውቅም።»

ኪሩ ጀግና አልነበረም፤ ፈራ። አራት መቶ ልጆች ተኝተው ታዩት፤ ከነሱ በፊት ደግሞ ፍርድ ቤት የቆመ ራሱ ታየው። ከሁለቱ የትኛው እንዳስወሰነው መመርመር አያስፈልግም፤ መፍራት በሚገባው ጊዜ የሚፈራ ሰው እንኳ ጥቂት ነውና። ሄልሜቱን ደፍቶ ወደ ማደባለቂያው ሄደ።

«አጥፋው! እጠበውና አጥፋው! አሸዋውን ላይኛው ግቢ አራግፉት!»

«ኢንጂነር፣ ምን ሆነህ ነው? ጀምረን እኮ ነው» አለ አንዱ።

«አልጀመርንም። ገና አልጀመርንም።»

ማደባለቂያው ተንገጫግጮ ቆመ። ገለቴ ደስታ ትጠብቅ ነበር፤ አልመጣም። ቦታው ጸጥ ሲል ወንዙ ይበልጥ ጮኸባት።

ዓርብ በአራት ሰዓት ነገሳ አንድ ገጽ ደብዳቤ ሰጣት። የዋና ቀያሽነቱ ቦታ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል፤ እርሷ ከሰኞ ጀምሮ በማኅደር ክፍል ትሠራለች። የእርሷ ደብዳቤ ግን ሳይቆረጥ ፋይሉ ውስጥ ገብቷል፤ ዩኒቨርሲቲው ራሱ፣ በኪሩ እጅ፣ ሥራውን እስከ አዲሱ ልኬት ማቆሙን በጽሑፍ ስላሳወቀ፣ ነገሳ የአንዱን ዳር ትቶ የሌላውን ማፍረስ የሚችልበት መንገድ አልነበረውም። ይህን ያህል ብቻ ተሳካላት። ለሀሰኖ ያተረፈችው ቤቱን ሳይሆን ጊዜ ነው፤ ጊዜውም እስከ ነሐሴ መጨረሻ ነበር።

ማኅደር ክፍሉ መስኮት የለውም። ሰኞ ጠዋት ገብታ ቁጭ አለች፤ ተነሣች። መደርደሪያዎቹ ጣሪያ ድረስ ካርታ ተሞልተዋል፤ ብዙዎቹ በእርሷ እጅ የተነሡ ናቸው። በሰበታ በኩል፣ በቡራዩ በኩል፣ በሱሉልታ ሜዳ፣ ወንዝ ወይም ምንጭ አጠገብ ያሰመረቻቸውን አንድ በአንድ አወጣቻቸው። ቀኖቹን አየች። የካቲት። መጋቢት። መጋቢት። ጥር። እስከ ዕኩለ ቀን አሥራ አራት ካርታ ጠረጴዛው ላይ ከመረች። ከአሥራ አራቱ አንዱም ክረምት አላየም። የአንዱ ዳር ጤና ጣቢያ ሆኗል፤ የሌላው ዳር ሰዎች ቤት ሠርተው ገብተውበታል። ሐምሌ ሊያልቅ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል፤ ውኃው ከጎደለ በኋላ የደረሰበትን የሚመሰክር ከገለባ በቀር ምንም አይኖርም፤ ገለባውንም ከብት ይበላዋል።

የዓመት ዕረፍት ጠየቀች። ነገሳ ሳይጠይቃት ፈረመላት፤ ከፊቱ ዞር ማለቷን ወዶት ነበር።

ማግስቱን ሀሰኖ ሱቅ ስትደርስ፣ ሀሰኖና ራቢአ ሲሚንቶውን ከኋለኛው ክፍል እያወጡ ከፊት በኩል ብሎኬት ላይ ይቆልሉ ነበር። ሀሰኖ ወገቡን ይዞ ቀና አለ።

«ምን አየሽ? ወንዙ ነሐሴ ላይ ይመጣል ብለሽ የጻፍሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ? እኔ እንደ መሥሪያ ቤትሽ ማኅተም አልጠብቅም።»

«ቦቲውን ልመልስ ብዬ ነው።»

«ዛሬ የት ልትሄጂ ነው?»

«ቡራዩ። ከዚያ ሌሎችም አሉ።»

«ስንት?»

«አሥራ አራት።»

ሀሰኖ ቦቲውን አየ፤ አልተቀበላትም። «ያዥው። ጫፉን የሚይዝልሽ ግን ሌላ ሰው ፈልጊ። እኔ አንዴ ይዤ የደረሰብኝ ይበቃኛል።»

ይቅርታ ልትጠይቀው ፈለገች፤ ቃሉ አፏ ላይ ደርሶ አነሰባት። «ረጅም ሚስማር አለዎት?» ብቻ አለች።

ራቢአ ከመደርደሪያው አንድ ሚስማር አውጥታ ሰጠቻት፤ ስትሰጣትም ዓይኗን አላየችም።

ከቡራዩ ወጣ ብሎ በሚያልፍ ወንዝ ዳር፣ ከታክሲ ከወረደች በኋላ ግማሽ ሰዓት በጭቃ ተጉዛ ደረሰች። ዝናቡ በርትቶ ነበር። ውኃው የጣለውን የገለባ መስመር ፈልጋ አገኘች፤ ሚስማሩን እዚያ ላይ በድንጋይ መታችው፤ የሜትሩን ቀለበት አጠለቀችበት። ጎተተች፤ ተነቀለ። ድንጋዩን አንሥታ ይበልጥ ጠልቆ እስኪገባ መታችው። ከዚያ ጀርባዋን ለወንዙ ሰጥታ፣ ሜትሩን እየለቀቀች፣ ከፊቷ ወደሚታዩት አዳዲስ የቆርቆሮ ጣሪያዎች መውጣት ጀመረች።